ነገራ የሌለው ቆጠራ

በቅኔ ቤት ሥርዓት ተማሪው በየዕለቱ ሁለት ሥራ አለበት። አንደኛው ቆጠራ ይባላል፤ ይኸውም ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ወይም ከቅጥሩ ጥግ ተቀምጦ፣ የሚያቀርበውን ቅኔ ብቻውን የሚያወጣና የሚያወርድበት ሰዓት ነው። ሁለተኛው ነገራ ይባላል፤ ይኸውም የቆጠረውን ይዞ ከመምህሩ ወይም ከአስነጋሪው ፊት የሚቀርብበት፣ የሰመረው የሚጸድቅበት፣ የተሰበረው የሚቃናበት ሰዓት ነው። በቢቸናና በሞጣ መካከል በምትገኘው በደብረ ወርቅና በአካባቢዋ ይህ ሥርዓት ከጥንት ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ነው፤ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው የቤተ ክህነትን ትምህርት የቀሰሙት በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ነበር። አበው ሁለቱን ሰዓቶች አንድ ላይ ያቆሙአቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ቆጠራ ያልቀደመው ነገራ የሰውን ቃል መድገም ይሆናል፤ ነገራ የሌለው ቆጠራ ደግሞ ምን እንደሚሆን በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን።

ጉዳያችን ግን ቅኔ ሳይሆን አልጀብራ ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸው በቤታቸው የቀሩ፣ ያለ አስተማሪ ወይም በወላጅና በታላቅ ወንድም እርዳታ ብቻ አልጀብራ የሚያጠኑ ወጣቶች የሚሰማቸው ጭንቀት ከምን የመጣ ነው? ከዚህስ ጭንቀት ውስጥ የትኛው ሊቃለልላቸው ይገባል? የትኛውስ ሊተውላቸው ይገባል? ጥያቄው ለሒሳብ መምህራን ብቻ የቀረበ ይመስላል። ነገር ግን ሰው ባልንጀራውን በችግሩ ውስጥ እስከ ምን ድረስ ሊተወው፣ ከየትስ ጀምሮ ሊያግዘው እንደሚገባ የሚጠይቅ የግብረ ገብ ጥያቄ ስለሆነ ለቁምስናዎቻችን ምእመናንና ለካተኪስቶቻችን ልናቀርበው ወደድን።

በአሜሪካና በሌሎችም አገሮች ልጆቻቸውን በቤታቸው ማስተማርን ወደውና አስበው የመረጡ ወላጆች አሉ። በእኛም አገር በቀድሞው ዘመን ለመኳንንት ልጆች የቤት አስተማሪ ይፈለግላቸው እንደ ነበር ፍቅር እስከ መቃብርን ያነበበ ሁሉ ያስታውሳል፤ በዛብህ ከሰብለ ወንጌል ጋር የተገናኘው በዚሁ ምክንያት ነበርና። በዘመናችን በቤቱ ተቀምጦ የሚያጠናው ልጅ ግን እንዲህ ያለ ምርጫ አልነበረውም። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ለወራትም ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ብቻ ሲተላለፍ ቆየ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት፣ ምሥራቅ ጎጃምን ጨምሮ፣ እጅግ ብዙ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘግተዋል፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆችም ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። በጦርነቱ ነገር ላይ ፍርድ ለመስጠት አልተነሣንም። የምንናገረው 8ኛ ወይም 9ኛ ክፍል ላይ እያለ መጽሐፉን ይዞ ቤቱ ስለ ቀረው ልጅ ነው። ይህ ልጅ የታሪኩን መጽሐፍ ብቻውን ያነብባል፤ ባዮሎጂውንም ቢሆን በቃሉ ይይዛል። አልጀብራ ላይ ሲደርስ ግን ይቆማል።

የሚቆምበት ምክንያት አለው። ታሪክን ያነበበ ሰው አንዱን ምዕራፍ በከፊል ሳይረዳው ቢቀር ቀጣዩን ሊያነብብ ይችላል። በአልጀብራ ግን አንዲት ምልክት ከተሳተች ከእርሷ በታች ያለው መስመር ሁሉ ይበላሻል። በሬዲዮም ስለ ንጉሥ ቴዎድሮስ መስማት ይቻላል፤ እኩልታን ግን በጆሮ ለመማር መሞከር ሽመናን በወሬ እንደ መማር ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ገበሬ እኩል የሚመዝኑ 3 ጆንያ ጤፍ አለው እንበል። ከዚያ ላይ 20 ኪሎ ለዘር ቢያነሣ 220 ኪሎ ቀረው። እያንዳንዱ ጆንያ ስንት ኪሎ ይመዝን ነበር? ገበሬው ወረቀትና እርሳስ አይፈልግም። ያነሣውን 20 ይመልሳል፤ 240 ይሆንለታል፤ ለ3 ያካፍልና «ሰማንያ» ይላል። ይህንኑ ጥያቄ ልጁ በመጽሐፏ ውስጥ «3 ኤክስ ሲቀነስ 20 ከ220 ጋር እኩል ነው» በሚል መልክ ታገኘዋለች። የመቀነስ ምልክት ስላየች 20ን ከ220 ላይ እንደ ገና ትቀንሳለች። 200 ለ3 አልካፈል ይላታል። ትሠርዛለች፤ እንደ ገና ትጽፋለች፤ እንደ ገና ትሠርዛለች። በመጨረሻም «እኔ ሒሳብ አይገባኝም» ብላ መጽሐፉን ትዘጋለች። አባትየው ገበያ ላይ ቆሞ በቃሉ የሚሠራውን ሥራ ልጅቱ ቤት ውስጥ እያለቀሰችበት መሆኑን ሁለቱም አያውቁም።

ከዚህ ላይ የቃሉን አመጣጥ ማወቅ ይጠቅማል። አልጀብራ የሚለው ስም የተገኘው በ9ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በባግዳድ ይኖር የነበረው ሊቅ አል ኸዋሪዝሚ ከጻፈው መጽሐፍ ርእስ ነው። «አል ጀብር» በአረብኛ የተሰበረውን መጠገን፣ የጎደለውንም ወደ ሙላቱ መመለስ ማለት ነው። ገበሬው ያነሣውን 20 ኪሎ ሲመልስ ያደረገው ይህንኑ ነበር። ቃሉ ለአጥንት ጥገናም ስለሚነገር በስፔን አገር በጥንት ጊዜ ወጌሻውን «አልጀብሪስታ» ይሉት ነበር። እንግዲህ አልጀብራን ወደ አማርኛ እንመልሰው ብንል «ወጌሻነት» ብንለው ከቃሉ ሥር ብዙም አንርቅም። ክንዱ የወለቀበት ሰው ደግሞ ወጌሻውን ፍለጋ ሰው ይልካል እንጂ ብቻውን ሆኖ ክንዱን አይመልስም።

ይሁን እንጂ አልጀብራ በራሱ ቀላል ነው፣ የከበደው ሰው ስለ ጠፋ ብቻ ነው ብንል እውነቱን አንናገርም። በውስጡ እውነተኛ ክብደት አለ። ልጅ እስከ 6ኛና 7ኛ ክፍል ድረስ የለመደው ቁጥር እንደሚጨበጥ ነገር ነው፤ 5 ሲባል አምስት በግ፣ አምስት ብር ያስባል። አሁን ግን ገና ያላወቀውን ነገር ስም አውጥቶለት እንዲደምረው፣ እንዲያበዛው፣ እንዲያካፍለው ይታዘዛል። «ኤክስ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ «መጨረሻ ላይ ታገኘዋለህ» ይባላል። ባላወቀው ነገር ላይ እንዴት ይሠራል? ይህ የልጅ ሞኝነት አይደለም፤ ታላላቅ ፈላስፎችም ያደከማቸው ጥያቄ ነው። አልጀብራ ከተማሪው የሚፈልገው የማያውቀውን ነገር እንዳያውቀው ማመንን፣ በግምትም ሸፍኖ አለማለፍን፣ ስለ እርሱ በእርግጥ የሚታወቀውን ብቻ እየያዙ እስኪገለጥ ድረስ መታገሥን ነው። በአንድ የ15 ዓመት ልጅ ላይ ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። በዕድሜ የገፉ ሰዎችም በብዙ ጉዳይ ላይ ይህን ያህል ትዕግሥት ሲያሳዩ አናይም።

ደግሞም ባልታወቀ ነገር ላይ መሥራት ከውጭ የመጣብን እንግዳ ጥበብ አይደለም። የባሕረ ሐሳብን ቀመር እናስብ። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ድሜጥሮስ እንዳወጣው የሚነገርለት ይህ ቀመር ወንበር፣ አበቅቴ፣ መጥቅዕ የተባሉ ስሞች አሉት። እነዚህ ስሞች በየዓመቱ ቁጥራቸው ይለዋወጣል፤ ሥራቸው ግን አንድ ነው። የ2018 ዓ.ም.ን ብንወስድ፣ 5500 እና 2018 ተደምረው 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናሉ፤ ይህም ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ መደቡ ይህ ነው። ከመደቡ 1 ሲቀነስ ወንበሩ 12 ይሆናል። 12 በ11 ተባዝቶ 132 ነው፤ 30 እየተነሣለት 12 ይተርፋል፤ አበቅቴው ይህ ነው። 12 በ19 ተባዝቶ 228 ነው፤ 30 እየተነሣለት 18 ይተርፋል፤ መጥቅዑ ይህ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ናቸው። በሌላ ዓመት ሌሎች ቁጥሮች ይመጣሉ፤ ድምራቸው ግን ሁልጊዜ 30 ነው።

ለምን? የአብነት ተማሪው ይህን ሕግ በቃሉ ያውቀዋል፤ ምክንያቱን የሚያሳየው ግን አልጀብራ ነው። አበቅቴ የሚገኘው ወንበሩን በ11 በማባዛት፣ መጥቅዕ የሚገኘው ያንኑ ወንበር በ19 በማባዛት ነው። 11 እና 19 አንድ ላይ 30 ናቸው። ስለዚህ ወንበሩ የትኛውም ቁጥር ቢሆን፣ ሁለቱ ብዜቶች ቢደመሩ ወንበሩ በ30 የተባዛ ይሆናል፤ እርሱም ለ30 ሲካፈል ምንም ትራፊ የለውም። ለየብቻ ሲካፈሉ የተረፉት ሁለቱ ቁጥሮች እያንዳንዳቸው ከ30 ያነሱ ናቸውና ድምራቸው 30 ከመሆን በቀር ሌላ ሊሆን አይችልም። ወንበሩ አልቦ በሚሆንበት ዓመትም መጥቅዑ 30 ተብሎ ስለሚያዝ ሕጉ አይፈርስም። ወንበር ስንት እንደሆነ ሳናውቅ ስለ ወንበር ሁሉ እውነት የሆነ ነገር ተናገርን ማለት ነው። በደብረ ወርቅ ላለ ልጅ፣ ስለ ባቡርና ስለ መዋኛ ገንዳ ከሚጠይቀው መጽሐፍ ይልቅ ይህ የሚቀርበው ይመስለናል።

በዚህ ላይ ቋንቋው ይታከላል። በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። 9ኛ ክፍል የገባ ልጅ አስተማሪ ሲኖረው መምህሩ በእንግሊዝኛ ጽፎ በአማርኛ ያብራራለታል። ቤት ሲቀር ግን የሚያብራራለት የለም፤ የማይታወቀው ነገር ሁለት ይሆንበታል፣ ቁጥሩና ቃሉ። ትምህርት ቤት ገብተው የተማሩትም ቢሆኑ እንዳልቀለላቸው እናውቃለን። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከተቀመጡት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ የሁሉም ትምህርቶች እንጂ የሒሳብ ብቻ አይደለም። ነገር ግን ከ100 ተማሪ 97ቱ የወደቀበትን ነገር አንዲት ልጅ ለብቻዋ እንደ ግል ነውር ተሸክማ ልታድር አይገባትም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። በቤቱ የሚማረው ልጅ የሚሰማው ክብደት ሁለት ሥር አለው። አንዱ ከነገሩ ከራሱ የሚወጣ ነው፤ ያልታወቀውን በስም ጠርቶ እስኪገለጥ መታገሥ። ይህን ክብደት ከልጁ ላይ እናንሣለት ብንል ዕውቀቱንም አብረን እናነሣበታለን። መልሱን የሚነግረው ታላቅ ወንድም፣ ከመጽሐፉ ጀርባ ያለውን መልስ መገልበጥ፣ ዛሬም ጥያቄው ፎቶ ሲነሣ መልሱን የሚጽፍ ስልክ፣ ሁሉም ርኅራኄ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ልጁ ሊያገኘው ሲቃረብ የነበረውን ነገር ከእጁ ይቀሙታል። ፈረንሳዊቷ ፈላስፋ ሲሞን ቬይ እ.ኤ.አ. በ1942 ለአንድ ዶሚኒካዊ ካህን በሰጠችው ጽሑፍ፣ በአንድ የጂኦሜትሪ ጥያቄ ላይ በእውነተኛ ትኩረት የዋለች ሰዓት መልሱ ባይገኝ እንኳ ከንቱ እንደማትቀር፣ ያ ትኩረት በሌላ ጊዜ በጸሎትና በተጨነቀ ሰው ዘንድ ፍሬውን እንደሚሰጥ ታስተምራለች። አሳቧን እንቀበለዋለን። አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት፤ እርሷ የተናገረችው ስለ ትኩረት እንጂ ጥርስን ነክሶ ስለ መሰቃየት አይደለም። በሰበካዎቻችን አንዳንድ ጊዜ «ይቸገር፣ ችግር ሰው ያደርገዋል» ሲባል እንሰማለን። ችግር ለብቻው ማንንም ሰው አድርጎ አያውቅም።

ሁለተኛው ሥር ብቸኝነት ነው። ልጅቱ 20ን ስትቀንስ ያየ የለም። ከሦስት ቀን በኋላም የሚያይ የለም። እንግዲህ የተሰበረው የቱ ጋ እንደሆነ ስለማታውቅ፣ የተሰበረችው እርሷ ራሷ እንደሆነች ትደመድማለች። የዚህን ድምዳሜ ክፋት አቅልለን ልናየው አይገባም። «ይህች መስመር ተሳስታለች» ማለትና «እኔ አእምሮ የለኝም» ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ሁለተኛው ሰው በራሱ ላይ የሚመሰክረው የሐሰት ምስክርነት ነው። ልጅቱ ይህን ምስክርነት በ15 ዓመቷ ከተቀበለችው አልጀብራን ትታ አታቆምም፤ በማንኛውም ከባድ ነገር ፊት «ለእኔ አይደለም» ማለትን ትለምዳለች።

ቅዱስ አጎስጢኖስ በ389 ዓመት ገደማ ስለ መምህር በጻፈው መጽሐፍ ከልጁ ከአዴዎዳቶስ ጋር ይነጋገራል። ልጁ 16 ዓመት ገደማ ነበር፤ አባት ልጁን በቤቱ ሲያስተምር የምናይበት ጽሑፍ ነው ማለት ይቻላል። የመጽሐፉ ፍሬ ነገር፣ የመምህር ቃል እውነትን ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው እንደማያፈስስ፣ ቃል የሚያመለክት ብቻ እንደሆነ፣ ተማሪው ግን እውነቱን በውስጡ በሚያበራው መምህር፣ ይኸውም በክርስቶስ፣ እንደሚያየው ነው። በአልጀብራ ይህ ጎልቶ ይታያል። ኤክስ 80 ነው ያልነው መምህር ስላለ አይደለም። 80ን ወደ ቦታው እንመልሰው፤ 3 ጊዜ 80፣ 240፤ 20 ሲነሣለት 220። ነገሩ ራሱ መሰከረ። በጳጳስ ፊትም ሆነ በእረኛ ፊት ያው ነው። ስለዚህ በቤቱ ለሚማር ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ ሊነገረው የሚገባው መልሱን በቦታው መልሶ የመፈተን ልማድ ነው፤ ማንም በሌለበት ይህ ምስክር አለለትና።

«እንዲህ ከሆነ ሰው ለምን ያስፈልገዋል?» የሚል ይኖራል። ምስክሩ መሰበሩን ይነግረዋል እንጂ የተሰበረበትን ቦታ አይነግረውም። አዴዎዳቶስም ቢሆን ብቻውን አልተተወም፤ አባቱ እየጠየቀ፣ ልጁ እየመለሰ፣ እየተሳሳተም፣ ነው ወደዚያ የደረሱት።

ከዚህ ጋር የምናነሣት አንዲት ሴት አለች፤ ማሪያ ጋኤታና አኜዚ። እ.ኤ.አ. በ1718 በሚላኖ ከሀብታም ቤተ ሰብ ተወለደች፤ ትምህርት ቤት ሳትገባ በአባቷ ቤት ተማረች። በልጅነቷ ብዙ ቋንቋዎችን በማወቋ የከተማው ሊቃውንት ሊሰሙአት ይመጡ ነበር። ይህችው ልጅ የዘመኑን ከፍተኛ ሒሳብ ብቻዋን ከመጽሐፍ ለማጥናት ስትነሣ ግን ተቸገረች። ራሚሮ ራምፒኔሊ የሚባል የኦሊቬታውያን ማኅበር መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1740 ወደ ሚላኖ መጥቶ ያስተምራት ጀመር፤ እርሱ ባይመራት ኖሮ ከነገሩ መውጫ እንደማታገኝ በኋላ በመጽሐፏ መቅድም ላይ ራሷ ጽፋለች። እ.ኤ.አ. በ1748 ያሳተመችው ይህ መጽሐፍ ከአልጀብራ ጀምሮ የሚያስተምር፣ በሁለት ክፍል የወጣ ትልቅ ሥራ ነው፤ ታናናሽ ወንድሞቿን ልታስተምርበት እንደ ጀመረችው ይነገራል። የጻፈችውም ሊቃውንት በሚጠቀሙበት በላቲን ሳይሆን የአገሯ ወጣቶች በሚሰሙት በጣልያንኛ ነበር። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 14ኛ እ.ኤ.አ. በ1750 በቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ የመምህርነት ቦታ ሰጧት። እርሷ ግን አባቷ ከሞተ በኋላ ሒሳቡን ትታ ድሆችንና ሕሙማንን ስታገለግል ኖረች፤ እ.ኤ.አ. በ1799 ስትሞት በሚላኖ ለአረጋውያን ድሆች በተሠራ ቤት ውስጥ ነበረች።

ስለ አኜዚ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ስለ ልዩ አእምሮዋ ነው። እኛን የሚያስደንቀን ግን መነኩሴው ነው። እንደ እርሷ ያለ አእምሮ፣ እንደ እርሷ ያለ ሀብትና ቤተ መጻሕፍት የነበረው ሰው እንኳ አንድ ሰው አጠገቡ እስኪቀመጥ ድረስ ተይዞ ቆይቷል። በእናርጅ እናውጋ ወረዳ፣ በኩራዝ ብርሃን፣ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ የያዘች ልጅ ብቻዋን ካልወጣችው ሰነፍ ናት የሚል ፍርድ ከየት ይመጣል?

በዚህ ላይ የሚቀርብ አንድ ተቃውሞ እናውቃለን፤ አግባብነትም አለው። «ሰላም በጠፋበት፣ እህል በተወደደበት ጊዜ ስለ ኤክስ መጨነቅ የጠገበ ሰው ሥራ ነው፤ ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ያርሳሉ ወይም ይነግዳሉ፤ አልጀብራን መቼም አይጠቀሙበትም» ይባላል። ብዙዎቹ በእርግጥ አይጠቀሙበት ይሆናል። አልጀብራ ለሁሉም ሰው እንጀራ ይሆናል ብለን አንሰብክም። ነገር ግን ያለ እርሱ የማይታለፍ በር መኖሩን፣ ያም በር የ12ኛ ክፍል ፈተና መሆኑን፣ ጦርነቱ ሲያልቅ በሩ እዚያው ቆሞ እንደሚጠብቃቸው እናውቃለን። የአዲስ አበባ ልጅ እያለፈበት የደብረ ወርቅ ልጅ ከበሩ ሲመለስ፣ «አያስፈልገውም ነበር» የምንለው እኛ መሆን የለብንም። ይህን መወሰን የልጁ ነው፤ ለመወሰንም መጀመሪያ በሩን መክፈት መቻል አለበት።

እንግዲህ ነገራን ማን ያድርግለት? አልጀብራ የሚያውቅ ሰው በየመንደሩ አይገኝም። ይህ ግን የሚመስለውን ያህል መሰናክል አይደለም። ማንበብ የማትችል እናት «እስቲ ምን እንደ ሠራሽ ንገሪኝ» ብትል፣ ልጅቱ ጮክ ብላ «ሦስት ጆንያ ነበረ፤ ሃያ ኪሎ ተነሣ፤ እኔም እንደ ገና ሃያ አነሣሁ» ስትል ከአንደበቷ የወጣው ለራሷ ጆሮ ይሰማታል። እናትም «ለምን ሁለቴ አነሣሽ?» ትላለች። አንዳንድ ጊዜ እናት ከመምህሩ የተሻለች አስነጋሪ የምትሆነው ስለማታውቅና ስለምትጠይቅ ነው። ተማሪዎችን ሁሉ የሚያስቸግረውን፣ ነጌቲቭ በነጌቲቭ ሲባዛ ለምን ፖዘቲቭ እንደሚሆን የሚጠይቀውንም ነገር፣ ነጋዴ አባት ሊያስረዳው ይችላል። የ50 ብር ዕዳ 3 ጊዜ ያለበት ሰው 3ቱም ዕዳ ቢሰረዝለት ስንት አገኘ? 150 ብር። ዕዳ ነጌቲቭ ነው፤ መሰረዝም ነጌቲቭ ነው፤ የተገኘው ግን ሀብት ነው። አባታችን ሆይን በየዕለቱ ለሚደግም ሰው ይህ ስሌት እንግዳ መሆን የለበትም።

ካተኪስቶቻችንም 10ኛ ወይም 12ኛ ክፍል የደረሱ ብዙ ናቸው። የሒሳብ መምህራን እንዲሆኑ አንጠይቃቸውም። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁኔታው በሚፈቅድበት ቦታ፣ ሦስትና አራት ልጆች የየራሳቸውን ደብተር ይዘው እንዲመጡ፣ አንዱ የሠራውን ለሌላው እንዲናገር፣ 12ኛ ክፍል ያለው 9ኛ ክፍል ላለው አስነጋሪ እንዲሆን መሰብሰብ በቂ ነው። ካተኪስቱ ሁለት ነገር ብቻ ይጠብቅ። መልሱን የሚነግር እንዳይኖር፣ በተሳሳተውም ላይ የሚስቅ እንዳይኖር። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ልጁ የቆጠራ ሰዓት እንዳለው አድርጎ ነው። ለወንዶች ልጆች ይህ በአብዛኛው እውነት ነው፤ ከብት ሲጠብቅም ቢሆን መጽሐፉን ከጉልበቱ ላይ ያደርጋል። ለሴቶች ልጆች ግን ቤት መቅረት ማለት ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ሊጥ ማቡካት፣ ሕፃን ማዘል ማለት ነው። ትምህርት ቤት ለእርሷ የሒሳብ ቦታ ብቻ አልነበረም፤ በቀን ውስጥ ማንም ለሥራ የማይጠራት ብቸኛ ሰዓቷ ነበር። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ የጠፋባት ነገራው ብቻ አይደለም፤ ቆጠራውም ነው። በዚያ ላይ ቤት የዋለችን ልጅ «ለምን አትዳርም?» የሚል ሽማግሌ ሩቅ አይደለም፤ «ትምህርቱም አልገባትም» የሚለውም ቃል ለዚያ ምክንያት ሆኖ ይቀርባል። ወላጆች ሆይ፣ ስለ አልጀብራ ምንም ባታውቁ ይህን ግን ታውቃላችሁና ከዚህ ጀምሩ፤ ከእራት በኋላ ኩራዙ በማን ፊት እንደሚቀመጥ ተነጋገሩ፤ ቅዳሜም የወፍጮውን ወረፋ ወንድሟ ይያዝላት።